ሥራው ያለው ማድረቁ ላይ ነው



ባለፈው እሁድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ከጎኔ የተቀመጡ ጎረቤቴ ጠጋ ብለው፣ «ያንተ ልጅ ምንጣፍ እጥበት ውስጥ ናት አሉ። የእኔም ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ልንጀምር ነው፣ ማሽን መግዣ ስጠኝ ብሎ ይዞኛል። ለመሆኑ ያዋጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ሰብሳቢው ቀና ብለው ስላዩን «ሲያልቅ እናወራለን» አልኳቸው። ሲያልቅም በር ላይ ቆመን ብዙ አወራን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው እንደተለየኋቸው ገባኝ። ሳልነግራቸው የቀረሁት ረስቼው አይደለም፤ ነገሩ የእኔ ጥፋት ያለበት ስለሆነ ነው። ዛሬ ለእርሳቸውም ለእናንተም ልንገራችሁ።

ታናሿ ልጄ በማኔጅመንት ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታሳድድ፣ ፈተና ስትፈተን፣ «እንደውልልሻለን» ስትባል ቆየች። የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ አንድ ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ ምንጣፍ እጥበት ልጀምር ነው» አለችኝ። አልዋሻችሁም፣ አፈርኩ። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ያደጉት ኮት ለብሼ ስወጣና ኮት ለብሼ ስገባ እያዩ ነው። «ሰው ይህን ያህል ተምሮ የሰው እግር የረገጠውን ሊያጥብ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። በማግስቱ ግን «ና ላሳይህ» ብላ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ ላቫጆ ወሰደችኝ። መኪና በሚታጠብበት፣ ግራሶ በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ የአንድ ሰው የሳሎን ምንጣፍ ተዘርግቷል። የላቫጆው ልጅ የመኪና ጎማ ባሸበት ብሩሽ ይፈትገዋል።

«ነገ እዚህ ላይ ሕፃን ይድህበታል» አለችኝ። ሌላ ክርክር አላስፈለጋትም።

እናቷ ዕቁብ ደርሷት ስለነበር አንስታ ሰጠቻት። እኔ የሰጠኋት የጓሯችንን ባዶ ቦታና አንድ የሒሳብ ደብተር ነው። ደብተሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም እይዛለሁ።

ምንጣፍ እጥበት ማለት ውሃ፣ ኦሞና ጉልበት ይመስለኝ ነበር። ጓሮው ውስጥ ወንበር አውጥቼ መዋል ስጀምር ነው ሌላ መሆኑን ያየሁት። ምንጣፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ ነው፦ አሸዋ፣ አቧራ፣ ከጫማ የመጣ አፈር፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ይህ ሳይራገፍ ውሃ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ወደ ሥር ይወርዳል። ስለዚህ ምንጣፉ መጀመሪያ ተገልብጦ ከጀርባው ይመታል፤ ከዚያ ፊቱ በቫኪዩም ይሳባል። ከአንድ የሳሎን ምንጣፍ የሚረግፈውን አሸዋ ሰብስባችሁ ለባለቤቱ ብታሳዩት አያምናችሁም። የራሳችንን ሲመቱት አይቼ ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በየቅዳሜው ሳሎኑን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ከዚያ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ መለየት አለ። በየቤታችን ያለው አብዛኛው ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ክር ነው፤ እሱ ብዙ ይችላል። የበግ ጸጉር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚመጡ፣ በመንዝ በግ ጸጉር የተሠሩ፣ ቀለማቸው ከበጉ እንደተሸለተ ጥቁር፣ ቡኒና ነጭ የሆኑ ምንጣፎች አሉ፤ አሮጌ ቤት ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ልጄ ስትጠራጠር ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዛ በክብሪት ትለኩሳታለች። የበግ ጸጉር ከሆነ እንደተቃጠለ የሰው ጸጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል። የበግ ጸጉር ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲበዛበት ይኮማተራል፤ በረኪና ደግሞ ጨርሶ ይበላዋል። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ በቃል አትነግረውም። በብርጭቆ በረኪና ውስጥ የበግ ጸጉር ክር ትጨምርና በነጋታው «አውጣው» ትለዋለች። የሚወጣ ክር የለም።

ቀለም ይልቀቅ አይልቀቅ የሚታየው ሳሙናው በተበጠበጠበት ውሃ የራሰ ነጭ ጨርቅ ጠርዙ ላይ ጫን ተደርጎ ጥቂት ሲቆይ ነው። ቀዩ ወደ ነጩ ከመጣ ያ ምንጣፍ እንደሌሎቹ አይታጠብም፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይታጠብም። ስለ እድፍ ብዙ አልልም። ቡና፣ የወጥ ቅቤ፣ የሻማ ሰም እያንዳንዱ የራሱ መላ አለው። በዓል ካለፈ በኋላ የሚመጣው የቄጠማ አረንጓዴ ግን ልጄን እስከ ዛሬ ያስቸግራታል። «ይለቃል» ብላ ቃል አትገባም፤ «እሞክራለሁ፣ ካልለቀቀ እነግርዎታለሁ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ላይ ይህ አነጋገሯ ደንበኛ ያባርራል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ሳሙና ማብዛትም ጥፋት ነው። በደንብ ያልታጠበለት ሳሙና ደርቆ ጸጉሩ ላይ ይቀርና አቧራ እየያዘ በአንድ ወር ውስጥ ምንጣፉን ከቀድሞው ያባብሰዋል። የሚድህ ልጅ ደግሞ መዳፉን ምንጣፉ ላይ፣ ከምንጣፉ ወደ አፉ ነው። ከሚፈሰው ውሃ ውስጥ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ማለቅለቅ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀላል ወጪ አይደለም። ሁለተኛውን ሮቶ የገዛነው ለዚህ ነበር።

ስለ ደህንነት ሳወራ አንድ ጠዋት አይረሳኝም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሠራተኛችን የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ የነበረበትን ባልዲ ሳያለቀልቅ በረኪና ገለበጠበት። ከባልዲው የወጣው ጋዝ ጠባቧን የዕቃ ክፍል ሞላት። ልጁ እያሳለ፣ ዓይኑ እያነባ በግድግዳ ተደግፎ ወጣ። አየር ላይ አስቀምጠን ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ክሎሪን የሚባለው መርዘኛ ጋዝ እንደሆነ ያስረዱን እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አሲድ ግቢያችን አይገባም። እናንተም በየቤታችሁ «ይበልጥ ያጸዳል» ብላችሁ ሁለቱን ሽንት ቤት ውስጥ የምትቀላቅሉ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ ወጥ ቤት ወለል ላይ የምታስቀምጡ አያቶችም እባካችሁ፤ የልጅ ልጃችሁ ጠርሙሱን የሚያውቀው ውሃ ሲጠጣበት ነው።

መብራትም እንደዚሁ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ማሽን የሚይዝ ሰው ቦት ጫማ አድርጎ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከመሬት ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ ብሬከሩ በባለሙያ ተፈትሾ ነው መሥራት ያለበት። ጎረቤቴ ለልጃቸው ማሽን ከመግዛታቸው በፊት ኤሌክትሪሻን ቢጠሩ ይሻላቸዋል። ይህን ነግሬያቸዋለሁ።

ያልነገርኳቸው የሚከተለውን ነው።

ሁለተኛው ዓመታችን ነበር። የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ የእንቁጣጣሽ ሥራ ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ ቤቱን ሊያጸዳ ይነሳል፣ ስልኩ አያርፍም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ልጄ «አባዬ፣ ከዚህ በላይ መቀበል የለብንም መሰለኝ» አለችኝ። ደብተሬን ገልጬ የገቢውን ዓምድ አየሁ። ከጀመርን ወዲህ እንደዚያ ያለ ሳምንት አይተን አናውቅም። የእናቷ የዕቁብ ገንዘብ ገና አልተመለሰም። «በበዓል ሰሞን በር ድረስ የመጣ ደንበኛ አይመለስም፤ አንዴ ከመለስሽው ሌላ ቤት ይለምዳል» አልኳት። አባት ነኝ፣ ሒሳብም አውቃለሁ፤ ሰማችኝ። በዚያ ሳምንት 41 ምንጣፍ ተቀበልን።

ጳጉሜን 4 ቀን ማታ ዝናብ እያካፋ የመጨረሻዎቹን በፒካፕ አዳረስን። ከነዚያ ውስጥ የአንዲት ትልቅ እናት ምንጣፍ ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ እማማ እላቸዋለሁ። ምንጣፉ 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ወፍራም፣ የበግ ጸጉር ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የገዙት ነው። ልጆቹ ተሸክመው ሲያስገቡላቸው መረቋቸው፤ ፊቱን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ደርቋል፣ እንዴትም ለስልሷል» አሉ። አላነጠፉትም። የልጅ ልጃቸው ሰማንያ ቀን መስከረም መጨረሻ ላይ ስለሚውል ለክርስትናዋ ሊያነጥፉት፣ እኛው እንደጠቀለልነው፣ እኛው ባለበስነው ፕላስቲክ ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት።

የክርስትናው ዋዜማ ምንጣፉ ተፈታ። ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ሽታው ክረምት የገባበት ጎተራ ነው አሉ። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ መሽቷል፤ አየር ሲያገኝ ይተወዋል ብለው እንደምንም አነጠፉት። አራሷ የተኛችው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሿ ተያዘ፤ የምትነፋው መድኃኒት አልበቃት ብሎ በላዳ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሕፃኗ ሌሊቱን ከአያቷ ጋር ስታለቅስ አደረች። ጠዋት እናትየዋ ደህና ሆና ተመለሰች፤ ክርስትናው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ተከናወነ። ምንጣፉ በረንዳ ላይ ተጣለ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ ልጄ አነሳችው፤ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። እማማ አልጮኹም። «ልጄ፣ ቆሻሻ መሆኑን አውቄ ነው የሰጠሁሽ። ቆሻሻውንማ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እርጥብ መሆኑን ግን ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት።

ልጄ ስልኩን ዘግታ ብዙ ደቂቃ ዝም አለች። ከዚያ «ደብተሩን አምጣ» አለችኝ። ጓሯችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ምንጣፍ የምንሰቅልባቸው 10 ብረቶች አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በነሐሴ ዝናብ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድ ወፍራም ምንጣፍ ለመድረቅ ቢያንስ 3 ቀን ይፈልጋል። 10 ብረት፣ 7 ቀን፣ ለ3 ሲካፈል 23 ምንጣፍ ነው። እኛ የተቀበልነው 41። የ18ቱ ምንጣፍ መስቀያ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ይህን ለማወቅ ሒሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት የገቢውን ዓምድ ብቻ ነበር ያየሁት።

ልጄ «አንተ ነህ ያልከኝ» አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

እማማ ሲዳብሱት ለምን ደረቅ መሰላቸው? እኛስ ስንጠቀልለው ለምን አላወቅንም? የበግ ጸጉር ከራሱ ክብደት ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት ውጦ በእጅ ሲነካ ደረቅ ሊመስል የሚችል ነገር ነው። ወፍራም ምንጣፍ ደግሞ የሚደርቀው ከፊቱ ጀምሮ ነው፤ ውሃው መጨረሻ የሚቀረው ሥሩ ላይ፣ ክሩን በያዘው ጀርባ ውስጥ ነው። የራሰ ነገር በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። እኛ ያንን እርጥበት በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ ከሦስት ሳምንት በላይ እንዲቆይ አድርገን፣ ሕፃን ያለበት ቤት አስገባን።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ሄድን። ኮቴን ለበስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እማማ ቡና አፈሉልን፣ ያም ከስድብ ይብሳል። አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ድምጿ ገና አልተከፈተም። ልጄ ሰበብ አልደረደረችም። «ሳይደርቅ ነው ያመጣንልዎት፤ ከአቅማችን በላይ ተቀብለን ነው» አለች። እኔም «ተቀበይ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። እማማ ዓይኔን አዩኝና «ስንት ልጆች አሉህ?» ብለው ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩኝም።

የከፈሉትን መለስን፣ የሐኪም ቤቱንም ሸፈንን። ምንጣፉን ወስደን ጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ውጭ ላይ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ሻጋታውን በብሩሽ አራገፍነው፤ ከዚያ እንደገና ታጥቦ አራት ቀን ተሰቀለ። ሽታው ለቀቀ። አንዱ ጥግ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቀረ፤ ጀርባው ላይ ያለው ቃጫም እዚያ ጋ ላልቶ ነበር። ጠርዙን በእጅ የሚሰፋ ሰው ፈልገን አሰፋንላቸው። የቀረውን ምልክት ልጄ ራሷ ለእማማ አሳየቻቸው፤ አጥፋ አልጠቀለለችውም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። አሁን እያንዳንዱ ምንጣፍ አቧራው ከተራገፈ በኋላ፣ ውሃ ከመንካቱ በፊት፣ በእህል ሚዛን ይመዘናል። ከደረቀ በኋላም ይመዘናል። ትልቅ ምንጣፍ ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመረ የጨመረው ውሃ ነው፣ ወደ ብረቱ ይመለሳል። ሁለቱን ኪሎ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ምንጣፉን ጠቅልሎ እንደ ልብስ ማጠቢያ እያሽከረከረ ውሃውን የሚጨምቅ ማሽን አለን፤ መብራት ባለበት ቀን የማድረቂያውን ጊዜ በጣም ያሳጥርልናል። ፀሐይ ሲበረታ ቀለም እንዳይበላ ፊቱ ወደ ውስጥ ተደርጎ ነው የሚሰቀለው። በፕላስቲክ መጠቅለልን ትተን በአቡጀዲ እንጠቀልላለን።

ክረምት ላይ በሳምንት ከ20 በላይ አንቀበልም። ነሐሴ ላይ የሚደውል ሰው «ለእንቁጣጣሽ አልደርስልዎትም» ይባላል። ልጄ ያገኘችው መላ ደስ ይለኛል። ኅዳር ሲታጠን ታውቃላችሁ፤ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ካለፈ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ሰው ቤቱንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። «ድሮም ቤት የሚጸዳው ኅዳር ላይ ነው፤ ዝናብ የለም፣ ፀሐይ አለ፣ ቀንሼ አጥብልዎታለሁ» እያለች የነሐሴውን ሰው ወደ ኅዳር ታሻግራለች። ግማሹ ተቆጥቶ ሌላ ጋ ይሄዳል። ግማሹ ይመጣል። የነሐሴ ገቢያችን ወረደ፣ የኅዳር ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ስደምረው ከቀድሞው አላነሰም፤ ብዙም አልበለጠም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሌላውም አሠራር ከጠብ የተገኘ ነው። ምንጣፉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ባሉበት ይለካል፣ ካሬው ይጻፋል፣ ፊትና ጀርባው በስልክ ፎቶ ይነሳል። የከሰል ፍም ያቃጠለው፣ አይጥ የበላው፣ ዘርፉ የተነጨ ካለ ደረሰኙ ላይ ይሰፍራል፤ አንዱ ቅጂ ለእርሳቸው፣ አንዱ ለእኛ። ያለዚህ «ይህን ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ» ማለት ይመጣል፤ መጥቶም ያውቃል። ሠራተኞቻችን ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ በር ላይ ጫማ ያወልቃሉ፣ ቤት ውስጥ ልጆች ብቻ ካሉ አይገቡም፤ ደውለው ተመልሰው ይመጣሉ። የቤንዚን ኪሳራው የእኛ ነው። እኔ አያት ስለሆንኩ ይህኛው ደንብ ላይ አልደራደርም።

እናንተም ምንጣፍ ስትሰጡ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። «ክረምት ላይ የት ነው የምታደርቁት?» በሉ። መልሱ ከተንተባተበ ምንጣፋችሁን ያዙ። ሲመለስላችሁም ያንኑ ዕለት ፍቱት። ፊቱን አትዳብሱ፤ ገልብጡትና መዳፋችሁን ጀርባው መካከል ላይ ጥቂት አቆዩት፣ አሽትቱትም። ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ አታንጥፉት፣ ያመጣውን ሰው መልሱት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ።

ጎረቤቴንም ነገ በራቸውን አንኳኳለሁ። ማሽኑን ከመግዛታቸው በፊት ልጃቸው ምንጣፉን የሚሰቅልበትን ቦታ እንዲያሳያቸው፣ በነሐሴ ስንት እንደሚችልም ቆጥሮ እንዲነግራቸው እላቸዋለሁ። ልጃቸው ከቁጥሩ በላይ አልቀበልም ሲል ደግሞ እንደ እኔ አፉን እንዳያስይዙት።

እማማ ደንበኛችን ሆነው ቀሩ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይሰጡናል። ባለፈው ኅዳር እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ያቺ የሰማንያ ቀን ሕፃን አሁን ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጣ አልወርድም አለች። እናቷ አባብላ አወረደቻት። ልጆቹ ሊያነጥፉት ሲሉ እማማ እጃቸውን አነሱ። ምንጣፉን አስገለበጡ፣ በምርኩዛቸው ቀስ ብለው ተንበረከኩና መዳፋቸውን ጀርባው መካከል ላይ አሳረፉ። ልጄ ቆማ ትጠብቃለች። ብዙ ቆዩ።

«ደርቋል» አሉ፣ ቀና ብለው። «በሉ አንጥፉት፣ ቡናው ሊፈላ ነው።»